ጥርሱ ተነቅሎ ሕመሙ ሲቀርስ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዷን መርጠን ይዘን ቀርበናል። ደብዳቤዋ ስትጀምር የፍቅር ጉዳይ ትመስላለች። ወረድ ሲሉ የጥርስ ጉዳይ ትሆናለች። መጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ከጥርስም ጀርባ ያለ ሌላ ጉዳይ ሆና ትገኛለች። ጸሐፊዋ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገሮችን አስቀርተን እነሆ፦

«እኔ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ ሱቅ በሽያጭ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ከፍቅረኛዬ ጋር ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሆነን፤ በጣም ነው የምንዋደደው። አሁን ግን ልንለያይ ጫፍ ደርሰናል። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ጥርሴ ነው!

«ከስምንት ወር በፊት በግራ በኩል ከታች፣ መጨረሻ ላይ ያለው የመንጋጋ ጥርሴ ጠማማ ሆኖ በቅሎ ሲያስቸግረኝ ተነቀልኩት። ሐኪሙ ብዙ ታግሎ ነው ያወጣው። ‹ማደንዘዣው እስከ ማታ ይለቅሻል› ተባልኩ። አለቀቀኝም። በነጋታውም በሳምንቱም የታችኛው ከንፈሬ ግማሹና አገጬ እንደደነዘዘ ቀረ። ‹ቀስ እያለ ይመለሳል› ሲሉኝ ዝም አልኩ። በወሩ ገደማ የተመለሰ መሰለኝ፤ ግን ሕመም ይዞ ነው የተመለሰው። ያቃጥለኛል፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል፤ ሻርፕ ሲነካኝ እንኳ ያንገበግበኛል። ቡና ስጠጣ በዚያ በኩል ሲፈስ አይታወቀኝም። አንድ ቀን ከንፈሬን አቃጥዬው ያወቅኩት በመስተዋት ሳየው ነው።

«ከዚያ ደግሞ ከጎኑ ያለው ጥርስ ያመኝ ጀመር። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርቩ ይገደል ተባለ፤ ተገደለ፤ ተሞላ። ምንም አልተሻለኝም። ከሁለት ወር በኋላ እሱም ተነቀለ። ሕመሙ ግን ወደሚቀጥለው ጥርስ ተዛወረ እንጂ አልሄደም። አሁን ሦስተኛው እንዲነቀል ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ።

«ፍቅረኛዬ ጉንጬን ሊነካኝ ወይም ሊስመኝ ሲል ሳላስበው እሸሻለሁ። የጠላሁት መስሎታል። ‹ሌላ ሰው ይዘሽ ነው› ብሎኛል። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ታሸኛለች። እህቴ ጭንቀት ነው ትለኛለች። እኔ ራሴ ላብድ ነው እንዴ እያልኩ ነው። ልነቀለው ወይስ ልተወው? እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

«ግራ ጉንጯ ግራ ያጋባት ነኝ»

ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ሁለት ነገር እንበልሽ። አንደኛ፣ አላበድሽም፤ የጻፍሽው ሕመም ሕክምናው በደንብ የሚያውቀው ሕመም ነው። ሁለተኛ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮ አትቅሪ፤ ግን ለመነቀል ሳይሆን ለመጠየቅ ሂጂበት። የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ጥያቄ ግን ለአንድ ሳምንት ቢቆይ የሚያጎድለው ነገር የለም። በደብዳቤ ሰውን መመርመር አይቻልምና ‹በሽታሽ ይህ ነው› ብለን አንፈርድም። የነገርሽን ምልክቶች ግን አንድ ጥርጣሬ እንዲነሣ የግድ ይላሉ፤ የታመመው ጥርሱ ሳይሆን የጥርሱን ስሜት የሚያመላልሰው ነርቭ ሊሆን ይችላል።

አምፖሉና ሽቦው

ቤትሽ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አስቀድመሽ አምፖሉን ትቀይሪያለሽ። አዲሱም ብልጭ ድርግም ካለ ሌላ አምፖል ትገዣለሽ። ሦስተኛውም እንዲሁ ሲሆን ግን ‹ኧረ ሽቦው ይታይ!› ማለትሽ አይቀርም። የጥርስም ነገር እንደዚሁ ነው።

የፊታችንን ስሜት የሚወስደው አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው፤ ሐኪሞች ትራይጀሚናል ይሉታል። በግራም በቀኝም አንድ አንድ አለ። እያንዳንዱ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭና የላይኛው መንጋጋ፣ ሦስተኛው ወደ ታችኛው መንጋጋ ይሄዳል። ከሦስተኛው የሚወጣ አንድ ቅርንጫፍ በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ባለች ጠባብ ቦይ አልፎ፣ ለጥርሶቹ ሥር ሁሉ ስሜት እየሰጠ ይሄድና በመጨረሻ ወደ ከንፈርና ወደ አገጭ ብቅ ይላል። ከኋላ መጨረሻ ላይ የሚበቅለው የመንጋጋ ጥርስ ሥሩ አንዳንዴ ከዚህች ቦይ ጋር ይነካካል። ጥርሱ ሲነቀል ነርቩ ሊጨፈለቅ፣ ሊለጠጥ ወይም ሊቆረጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሙ ጎበዝ ቢሆንም ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ‹ነርቩ ተገድሎልኛል፤ ታዲያ እንዴት ነርቭ ያመኛል?› የሚሉ አሉ። ክሊኒክ ውስጥ ‹ነርቩ ይገደል› ሲባል ከጥርሱ ሆድ ውስጥ ያለችው ቀጭን ክር ወጥታ ቦታው ይሞላል ማለት ነው። በመንጋጋው አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ዋናው መስመር ግን እዚያው ነው። እሱ ከተጎዳ የጥርሱን ክር ቢያወጡም፣ ጥርሱን ራሱን ቢነቅሉም፣ አንጎል ‹ጥርሴን አመመኝ› የሚለው መልእክት መድረሱን አይተውም። የሌለ ጥርስ የሚያመው ለዚህ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1778 ጆን ሃንተር የተባለው የለንደን ቀዶ ሐኪም ስለ ጥርስ በሽታዎች ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከጥርስ ጋር ግንኙነት ሳይኖረው ጥርስ የሚጠረጠርበት የመንጋጋ ሕመም እንዳለ ጽፏል። በታመመው ወገን ያሉት ጥርሶች በሙሉ ተነቅለው ሕመሙ ግን እዚያው የቀረባቸው ሰዎች አጋጥመውታል። ይኸው ከ240 ዓመት በላይ ሆነው፤ ስሕተቱ ግን ዛሬም አልቀረም።

የጥርስ ሕመም ምን ይመስላል?

መቼም በከተማችን ጥርሱን ያመመው ሰው ሁሉ ነርቩ ተጎድቷል ማለታችን አይደለም። አብዛኛው የጥርስ ሕመም የጥርስ ነው! ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ የተቦረቦረ ጥርሳችሁን ‹ነርቭ ነው› ብላችሁ እንዳትተዉት አደራ። የጥርስ ሕመም የራሱ ጠባይ አለው። ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ሲነካው ይነሣል። እየባሰ ሲሄድ ይወቃል፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። መግል ከያዘ ሲነክሱበት ወይም ሲያንኳኩት ይጠዘጥዛል፤ ድድ ያብጣል። ሐኪሙ ሲያየው ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ያገኛል፤ ወይም በራጅ ሥሩ ላይ ጥላ ይታየዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትክክለኛው ጥርስ ሲታከም ሕመሙ ይሄዳል።

የነርቭ ጉዳትስ?

የነርቭ ሕመም በፊት ላይ ሲመጣ በአብዛኛው ከሦስት መልክ በአንዱ ነው።

አንደኛው አንቺ የጻፍሽው ዓይነት ነው። ጥርስ ከተነቀለ፣ ሥሩ ከታከመ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አጥንት ውስጥ ከተተከለ፣ አንዳንዴም ማደንዘዣ ከተወጋ በኋላ የሚመጣ ነው። ዋናው ምልክቱ መደንዘዝና ሕመም በአንድ ቦታ መገኘታቸው ነው። ቦታው ሲነካ አይሰማም፤ ወይም በተቃራኒው ሻርፕ፣ ትራስ፣ የከንፈር ቀለም ሲነካው እንደ እሳት ያቃጥላል። ይለበልባል፣ ይወርራል፣ ጉንዳን ይሄድበታል። ከጉዳቱ በኋላ በ6 ወር ውስጥ ጀምሮ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ባለሙያዎች ይህን ስም ይሰጡታል። የአንቺ ስምንተኛ ወሩ ነው።

ሁለተኛው ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ የሚባለው ነው። ይኼኛው አያቃጥልም፤ ይመታል። ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ክው ያደርጋል። ከቅጽበት እስከ 2 ደቂቃ ይቆይና እንደመጣ ይሄዳል፤ ከዚያ እንደገና ይመለሳል። በአብዛኛው የሚይዘው አንድ ወገን ብቻ ነው። ፊት ሲታጠቡ፣ ጥርስ ሲፋቁ፣ ሲያወሩ፣ ሲያኝኩ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ይነሣል። በታክሲ መስኮት የሚገባ ነፋስ ሲነካው እንኳ ይነሣል። እናቶቻችን ‹ነፋስ መታው› ሲሉ ይህን አይተው ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ግን ቀስቃሽ እንጂ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ነርቩ ከአንጎል በሚወጣበት ቦታ ላይ የደም ሥር ተጭኖት መገኘቱ ነው። ይበልጥ የሚይዘው ከ50 ዓመት በላይ ያሉትን ነው። በወጣት ላይ ከታየ ሌላ በሽታ ከበስተጀርባው እንዳለ ለማወቅ ኤም አር አይ መነሣት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ደግሞ ለሐኪምም ለታማሚም አስቸጋሪው ነው። ጥርሱ ወይም የተነቀለበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ድብን ያለ ሕመም ያማል፤ ራጁ ንጹሕ ነው፤ ድዱ ደህና ነው፤ መደንዘዝም የለም። ቀድሞ ስሙ ብዙ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የፊትና የአፍ ሕመሞች ምደባ ግን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። ስለዚህ ‹ራጁ ምንም አያሳይም› ማለት ‹ምንም አላመመህም› ማለት አይደለም።

ከመነቀልሽ በፊት

እንግዲህ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚሆንሽን እንንገርሽ።

እስከዚያው ማስታወሻ ያዢ። ሕመሙ መቼ ይነሣል? ምን ይቀሰቅሰዋል? ያቃጥላል፣ ይወቃል ወይስ እንደ ኤሌክትሪክ ይመታል? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሻል? የወሰድሽው ማስታገሻ ለወጠው? በየቀኑ ሁለት ሁለት መስመር ይበቃል።

ሌላው ቀላል ነገር ይህ ነው። መስተዋት ፊት ቁጪና ንጹሕ ጥጥ በቀስታ ከቀኝ ጉንጭሽ ወደ ግራው አንሸራቺ። ስሜቱ የተለወጠበት ቦታ ላይ በኩል ወይም በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጊ። ነጥቦቹን ብታገናኚያቸው የደነዘዘው ቦታ ካርታ ይወጣል። በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ሐኪሙ ራሱ በጥጥና በመርፌ ጫፍ የሚያደርገው ምርመራ ይህንኑ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ከወር በኋላ ቦታው ጠብቦ ወይም ሰፍቶ እንደሆነ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ደግሞ በትሕትና እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «ዶክተር፣ የሚነቀለው ጥርስ ምን ችግር እንዳለበት ያሳዩኝ። በቅዝቃዜ ሲሞከር ምን ይላል? ሲያንኳኩት ያማል? ራጁ ላይ የሚታይ ነገር አለ? ጥርሱ በማደንዘዣ ሲደነዝዝ ሕመሜ ይጠፋል ወይ?» ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። ጥርሱ በሚገባ ደንዝዞ ሕመሙ እዚያው ካለ፣ የሕመሙ ምንጭ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ሕመሙ ቢጠፋ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሌሎቹም ምርመራዎች አብረው መታየት አለባቸው። ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። መልሶቹ ሁሉ ‹ምንም የለበትም› ከሆኑ፣ ጥርስሽን ይዘሽ ተመለሽና የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ወይም የነርቭ ሐኪም እንዲያይሽ ማዘዣ ጠይቂ። የመጀመሪያውን ራጅና ያሉሽን ወረቀቶች ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት

ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይረዱም፤ ‹አልሠራልኝም› ብሎ እየደረቡ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን መጉዳት ነው። ኢንፌክሽን ሳይኖር በየወሩ አሞክሲሲሊን መዋጥም ጥቅም የለውም። ቅርንፉድና አረቄ በተጎዳ ቦታ ላይ መያዝ ደግሞ ስሜት የሌለውን ከንፈርና ድድ ማቃጠል ይሆናል።

ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው። ለኤሌክትሪኩ ዓይነት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀዳሚው ካርባማዜፒን ነው። ለሚያቃጥለው ዓይነት አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን በትንሽ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። የካርባማዜፒንን ወረቀት አንብቦ «ይሄ እኮ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው!» ይላል፤ የአሚትሪፕቲሊንን አንብቦ «ለካ እንደ አእምሮ በሽተኛ ነው ያዩኝ!» ብሎ ይጥለዋል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች በከንቱ የሚጮኸውን ነርቭ ዝም ስለሚያሰኙ ነው የሚታዘዙት። ‹ነርቭሽ ነው› መባል ‹ጭንቀትሽ ነው› መባል አይደለም። ስለዚህ ለእህትሽም ይህን ንገሪያት፤ ሕመም ያስጨንቃል እንጂ ያንቺ ከጭንቀት የመጣ አይመስልም።

ነገር ግን ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ተገዝተው የሚዋጡ አይደሉም። ካርባማዜፒን የደም ምርመራ ይፈልጋል። ሰውነት ላይ ሽፍታ ካወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ኃይል ስለሚቀንስ፣ እንክብል የምትወስድ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ እርግዝና ያሰበችም እንዲሁ። ተሽሎኛል ብሎ በድንገት ማቋረጥም አይገባም።

ይድናል ወይ?

እውነቱን መናገር ይሻላል። ብዙው የነርቭ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት በራሱ ያገግማል። ከዚያ ያለፈው ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ያኔ የሕክምናው ዓላማ ሕመሙን ዝቅ ማድረግ፣ መብላት፣ መሥራትና መተኛት መቻል ይሆናል። ብዙ ሰው በመድኃኒት ከዚህ ይደርሳል። አንድ የተረጋገጠ ነገር ግን አለ፤ ደህና ጥርስ መንቀል ለተጎዳ ነርቭ ሌላ ቁስል ይጨምርበታል እንጂ አያድነውም።

ለዚህም ነው ገና ጥርስ ለመነቀል የተዘጋጃችሁ ሌሎች አንባቢያን ይህን ልብ እንድትሉ የምንፈልገው። ማደንዘዣ ከንፈርን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ረጅም የሚቆየው ዓይነት ከሆነ እስከ 12 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። በማግስቱ ስትነሡ ከንፈራችሁ፣ አገጫችሁ ወይም ምላሳችሁ አሁንም ደንዞ ከሆነ ‹ይለቀኛል› ብላችሁ ሳምንት አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለነቀላችሁ ሐኪም ደውሉ። በተለይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከተተከለ ወይም ሥር ከተሞላ በኋላ ከሆነ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ነርቩን የተጫነው ነገር በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከወጣ ነርቩ የመዳን ዕድሉ ይጨምራል።

እነዚህ ደግሞ ቀጠሮ የማይጠብቁ ናቸው። ፊት አብጦ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። ጥርስ ሳይነቀልና ሳይመታ አገጭ በራሱ ከደነዘዘም በቶሎ መታየት አለበት፤ የከባድ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና። ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲፈጥኑ የሚነሣ፣ ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ አትቁሙ።

ለፍቅረኛዋ

ወንድማችን፣ ይህን ጽሑፍ ካነበብክ የምንልህ አለን። የሸሸችው አንተን አይደለም። ሻርፕ የሚያቃጥለው ጉንጭ መዳፍንም ይፈራል። ሰው እጁን ከምድጃ ላይ ሳያስብ እንደሚያነሣው ነው የራቀችህ። ስለዚህ ‹ማን ይዘሽ ነው?› ከማለት ‹የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?› ብለህ ጠይቃት፤ የሚያመውን ቦታ በጣቷ ታሳይሃለች። እስኪሻላት ደግሞ ቀኙ ጉንጭ አለልህ! የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮ አብረሃት ብትሄድ፣ እሷ ፈርታ የምትረሳውን ጥያቄ አንተ ትጠይቅላታለህ።

እናት ዳማከሴውን በፍቅር ነውና ያሹት፣ ‹እማዬ፣ በግራ በኩል አትንኪኝ፤ ሲነካ ነው የሚብስብኝ› ብለሽ በፍቅር ንገሪያቸው። ዘመድ ወዳጅ ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም የአገራችን ወግ ቢሆንም፣ ለጊዜው ትከሻ ለትከሻ ሰላም ብትዪ ማንም አይቀየምሽም።

እንግዲህ ውድ ‹ግራ ጉንጯ ግራ ያጋባት›፣ ከቀጠሮሽ በኋላ የሆነውን ጻፊልን። ሦስተኛው ጥርስሽ በቦታው እንዳለ ብንሰማ ደስ ይለናል።

መልካም ሳምንት ለሁላችሁም!